ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ቤዝመንትን የሚከራይ ቤት ማድረግ፦ ደረጃ በደረጃ

አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። «ቤዝመንቴ ባዶውን ተቀምጧል። ኮርኒሱ ግን ዝቅ ያለ ነው። አስተካክዬ ማከራየት እችላለሁ ወይ?» ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ፦ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ሥራው የሚጀምረው ግን በሜትርና በውሃ ነው። ቀለምና ወለል መጨረሻ ላይ የሚመጡ ናቸው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው አንዴ የሠራውን አፍርሶ ሁለተኛ ይሠራል። ደግሞ እዚያ ውስጥ ሰው ሊተኛ ነው፤ ምናልባትም ልጆች ይዞ። ስለዚህ «ይበቃል» የምትሉት ነገር ሁሉ ሌሊት ለተኛ ሰው መብቃት አለበት።

ከታች የምታዩዋቸው የከፍታና የመስኮት ልኮች በአሜሪካ በስፋት ከሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ሞዴል ኮድ (አካባቢዎች ለደንባቸው መነሻ ከሚያደርጉት ናሙና ደንብ) የተወሰዱ ናቸው። ጥሩ መነሻ ይሆኗችኋል። የአካባቢያችሁ ደንብ የተለየ ቁጥር ካለው ግን የሚገዛችሁ እሱ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለልኬትና ለምርመራ፦
- ሜትር፣ ውሃ ልክ ወይም ሌዘር፣ ጠመኔ
- 50 በ50 ሴንቲ የሆኑ አራት አምስት ቁራጭ ላስቲኮች እና በደንብ የሚይዝ ፕላስተር
- የአየር እርጥበት መለኪያ
- የራዶን መመርመሪያ (ራዶን ከአፈር የሚወጣ ጋዝ ነው፤ ቁጥር 3 ላይ እመለስበታለሁ)

ለውሃና ለወለል፦
- አሸንዳ ከነማራዘሚያው
- ስንጥቅ ውስጥ የሚገባ ኢፖክሲ ወይም ፖሊዩሬቴን
- ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፍሳሽ ቱቦ፣ የታጠበ ጠጠር፣ አፈር የሚያጣራ ጨርቅ
- ከወለል ሥር ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወጣ ፓምፕ ከመጠባበቂያ ባትሪ ጋር
- ከኮንክሪት ሥር የሚነጠፍ፣ ቢያንስ 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ
- ጠንካራ የፎም ሰሌዳ

ለግድግዳ፣ ለኮርኒስና ለደኅንነት፦
- በመድኃኒት የተነከረ እንጨት (ወለል ለሚነካው ክፍል)፣ ሞራሌ፣ 16 ሚሊ ሜትር እሳት የሚቋቋም ጂፕሰም ቦርድ
- ድንጋይ ጥጥ (ሚኒራል ዉል)፣ ክፍተት መድፈኛ
- እርስ በርስ የተገናኙ የጭስ ማንቂያዎች፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ
- ስስ የኤልኢዲ መብራቶች፣ ወደ ውጭ የሚያወጣ የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያ

ባለሙያ፦ የስትራክቸር መሐንዲስ፣ ፈቃድ ያለው የኤሌትሪክ ሠራተኛና የቧንቧ ሠራተኛ። ቀለም፣ ወለል ማንጠፍ፣ ጂፕሰም መምታት ራሳችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። መሠረት፣ ጋዝና ኤሌትሪክ ግን የመማሪያ ቦታ አይደሉም።

1. የሚቀረውን ከፍታ አስሉ

ብዙ ሰው ከኮንክሪቱ እስከ ወራጁ (የላይኛውን ወለል እስከሚሸከመው አግዳሚ እንጨት) ሥር ለክቶ «2 ሜትር ከ15 አለኝ» ይላል። ተከራዩ የሚኖረው ግን ወለሉም ኮርኒሱም ካለቀ በኋላ በሚቀረው ከፍታ ውስጥ ነው።

እያንዳንዱን ክፍል ቢያንስ አምስት ቦታ ላይ ለኩ። የአሮጌ ቤት ወለል እኩል አይደለም፤ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ሦስት አራት ሴንቲ ሊለያይ ይችላል። ትንሹን ቁጥር ያዙ። ከዚያ ቀንሱ፦

- የወለል ንብርብር፦ ከሥር የሚነጠፈው ጉብጉብ ያለ ፕላስቲክ 0.8፣ ሰሌዳው 1.6፣ ቪኒሉ 0.6። ድምሩ 3 ሴንቲ።
- የኮርኒስ ንብርብር፦ ድምፅ የሚቀንሰው የብረት ሐዲድ 1.3፣ ጂፕሰሙ 1.6። እሱም ወደ 3 ሴንቲ ነው።

ከ215 የቀረው 209 ነው። ሞዴል ኮዱ ለመኖሪያ ክፍል የሚጠይቀው 213.4 ሴንቲ፣ ማለትም 7 ጫማ ነው። አለን ያላችሁት ከፍታ አልበቃም ማለት ነው። ቪኒሉን በቀጥታ ኮንክሪቱ ላይ ብታነጥፉ፣ ጂፕሰሙንም በቀጥታ ወራጁ ላይ ብትመቱ 212.8 ይሆናል። አሁንም 6 ሚሊ ሜትር ይጎድላል! በዚህ ሥራ ውስጥ ሚሊ ሜትር ገንዘብ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ቢም (ወራጆቹን የሚሸከመው ዋና አግዳሚ) እና የአየር ቱቦ የሚያልፉበትን ቦታ ለብቻው ለኩ። ሞዴል ኮዱ በቤዝመንት ውስጥ እነሱ ሥር እስከ 193 ሴንቲ ድረስ ይፈቅዳል። ከወራጁ 25 ሴንቲ የወረደ ቱቦ ቢኖርና መሸፈኛው 4 ሴንቲ ቢወስድ፣ ከላይ ባለው ስሌት ሥሩ የሚቀረው 183 ነው። ረዘም ያለ ሰው ግንባሩን ይመታል፤ ተቆጣጣሪውም አያልፈውም።

ደረጃውን አትርሱ። ከእያንዳንዱ መርገጫ ጫፍ ወደ ላይ 203 ሴንቲ ክፍት መሆን አለበት። ክፍሉ በቂ ሆኖ ደረጃው ላይ የሚወድቅ ቤዝመንት ብዙ ነው።

2. ደንቡን ጠይቁ፣ ፈቃድ አውጡ

የልኬት ወረቀታችሁን ይዛችሁ የሕንፃ ፈቃድ ወደሚሰጠው ክፍል ሂዱ። እነዚህን በጽሑፍ አስመልሱ፦ በዚህ ቦታ ሁለተኛ መኖሪያ ማከራየት ይፈቀዳል ወይ? ዝቅተኛው ከፍታ ስንት ነው? ለነባር ቤት የተለየ ልክ አለ ወይ? የተለየ መግቢያና የመኪና ማቆሚያ ይጠየቃል ወይ?

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ወጪ ሊያድን ይችላል። አንዳንድ ቦታ ለነባር ቤዝመንት ዝቅ ያለ ከፍታ ይፈቀዳል። ያን ሳያውቁ ወለል ለመቆፈር የተዋዋሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ለቤት ኢንሹራንሳችሁም አሁኑኑ ተናገሩ። ያለ ፈቃድ የተሠራና ያልተነገረ ኪራይ ቤት ቢቃጠል ወይም ውሃ ቢገባበት ካሳ ልትከለከሉ ትችላላችሁ።

3. ምንም ሳትሸፍኑ መርምሩ

ወለሉንና ግድግዳውን ጠርጉና የላስቲክ ቁራጮቹን በአራቱም ጎን አጥብቃችሁ ለጥፉ። አንዳንዱን ወለል ላይ፣ አንዳንዱን ግድግዳ ላይ። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ተዉት። ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ እርጥበቱ ከአፈር እየመጣ ነው። ጤዛው ከላስቲኩ በላይ ከሆነ ከክፍሉ አየር የመጣ ነው። ሁለቱ መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው ይህን መለየት ያስፈለገው። የመጀመሪያው ከውጭ ሥራ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው አየር ማናፈሻ።

ይህን ሙከራ በደረቅ ወቅት ብቻ አትሥሩት። ቢያንስ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ይምጣና እዩት። እኔ አንድ ጊዜ በበጋ «ደረቅ ነው» ብዬ የሸፈንኩት ግድግዳ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ በሁለተኛው ቀን ከሥሩ ውሃ አወጣ። ጂፕሰሙን በሙሉ አወረድኩት።

ግድግዳ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ጨው ነው። ውሃ በኮንክሪቱ ውስጥ እያለፈ ጨውን አሟሙቶ አውጥቶ፣ ሲተን ጥሎት ይሄዳል። ጠርጎ ቀለም መቀባት ምንም አይፈውስም። ቀለሙ ራሱ ይላቀቃል።

አግድም የሄደ ስንጥቅ፣ ወደ ውስጥ የጎበጠ ግድግዳ፣ ወይም ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚሰፋ ስንጥቅ ካለ ቁሙ። የአፈር ግፊት ምልክት ሊሆን ስለሚችል መሐንዲስ ይየው።

ሌላው ራዶን ነው። ከአፈርና ከድንጋይ የሚወጣ ሬዲዮአክቲቭ ጋዝ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ለሳንባ ካንሰር ያጋልጣል። ቤዝመንት ለአፈር ቅርብ ስለሆነ እዚያ ይከማቻል። መስኮትና በር ዘግታችሁ ቢያንስ ለ48 ሰዓት ለኩ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ልክ በሜትር ኩብ 100 ቤክሬል (የሬዲዮአክቲቭ መለኪያ) ነው። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደግሞ 148 ላይ እርምጃ ውሰዱ ይላል። ከፍ ካለ ከወለሉ ሥር አየር ስቦ ከጣሪያ በላይ የሚያወጣ ቱቦና ማራገቢያ ይገጠማል። ቱቦው ከወለል ሥር ስለሚነሳ ቦታውን ኮንክሪት ሳይፈስ አዘጋጁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቤቱ አሮጌ ከሆነ በቧንቧ ላይ የተጠቀለለ ነጭ ልባስ፣ የድሮ የወለል ንጣፍና ማጣበቂያው አስቤስቶስ የተባለ አደገኛ ቃጫ ሊኖራቸው ይችላል። ከመስበራችሁ በፊት ናሙና ይመርመር። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል።

4. ውሃውን ከውጭ አስቁሙት

ርካሹን አስቀድሙ። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ከግድግዳው ሥር እየፈሰሰ ከሆነ የአሸንዳውን መውረጃ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል፣ ሁለት ሜትር ያህል አርቁት። በቤቱ ዙሪያ ያለውን አፈር ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ አድርጉት፤ በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ 15 ሴንቲ ዝቅ ማለት አለበት። ብዙ «የመሠረት ችግር» የተባለ ነገር እዚህ ላይ ይፈታል። በአካፋና በአንድ ቱቦ የሚያልቅ ሥራ ነውና አትናቁት።

ከዚያ ስንጥቆቹን ድፈኑ። ውሃ የሚያስገባውን ፖሊዩሬቴን ይዘጋዋል፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ጥንካሬ የሚፈልገውን ስንጥቅ ደግሞ ኢፖክሲ ያያይዘዋል። በላይ በላዩ ሲሚንቶ መለጠፍ ውሃ ከኋላ ሲገፋው ይረግፋል።

ውሃው ከወለል ሥር የሚገፋ ከሆነ በመሠረቱ ውስጠኛ ዙሪያ ቦይ ተቆፍሮ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በጠጠርና በጨርቅ ተከቦ ይቀበራል፤ ውሃውንም ወደ ፓምፑ ጉድጓድ ይወስዳል። ለፓምፑ መጠባበቂያ ባትሪ የግድ ነው። መብራት ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ነው፤ ፓምፑ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው።

5. ከፍታ ፈልጉ፤ መጀመሪያ ከላይ

ወደ መሬት ከመውረዳችሁ በፊት ከላይ ያለውን ሁሉ ሞክሩ። ቁፋሮ ከሁሉም በላይ ውድና አደገኛ ነው።

- ነባሩን ኮርኒስ አፍርሱ። የድሮ ተንጠልጣይ ኮርኒስ ከ10 ሴንቲ በላይ ሊደብቅ ይችላል።
- የውሃ ቧንቧና የኤሌትሪክ ሽቦ በወራጆች መካከል ይለፉ።
- ትልቁን የአየር ቱቦ ወደ ግድግዳ ጥግ አዛውሩት፣ ወይም አስወግዳችሁ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ግጠሙ። በዝቅተኛ ቤዝመንት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ከፍታ የሚመልስ ሥራ አላየሁም።
- የማይነሳ ነገር ካለ ክፍሎቹን በእሱ ዙሪያ አቅዱ። ቢሙ ቁም ሣጥን ወይም የክፍል ግድግዳ በሚሆንበት መስመር ላይ ይዋል። ዝቅ ያለው ቦታ ሰው የሚቀመጥበትና የሚተኛበት ይሁን፤ የሚመላለስበት አይሁን።

ወራጅ እንዳሻችሁ አይቆረጥም። ለቧንቧ የሚበሳው ቀዳዳ ከወራጁ ቁመት አንድ ሦስተኛ አይበልጥ፤ ከላይና ከታች ጠርዝም ቢያንስ 5 ሴንቲ ይራቅ። ከጠርዙ መቁረጥ ካስፈለገ ከቁመቱ አንድ ስድስተኛ አይለፍ፤ በርዝመቱ መካከለኛ ሢሶ ላይ ግን በጭራሽ አይቆረጥ። የሚበልጠው የመጉበጥ ኃይል ያለው እዚያ ነው። በፋብሪካ የተሠራ ወራጅ ከሆነ ደግሞ የአምራቹን መመሪያ ብቻ ተከተሉ። ኮርኒሳችሁ ሶሌታ ከሆነ ጥንካሬው ከፌሮው ቦታ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ያለ መሐንዲስ አትብሱ።

6. ከመቆፈር በቀር ሌላ መንገድ ከሌለ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ሰው የሞተበት ሥራ ነው።

መሠረቱ የቆመበት አፈር በራሱ ብቻ አይደለም የሚቆመው። ከጎኑ፣ ከወለሉ ሥር ያለው አፈር ደግፎ ይዞታል። ያን የውስጥ አፈር ስታወጡ ከመሠረቱ ሥር ያለው ወደ ጎን ይወጣል፤ ግድግዳው ይሰምጣል ወይም ይደረመሳል። የወለሉ ኮንክሪትም የግድግዳውን እግር ከውጭው አፈር ግፊት ይደግፋል። ስለዚህ ወለሉን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ማንሳት ራሱ አደጋ ነው።

ሁለት መንገድ አለ፦

*የመሠረት ማጥለቅ።* ከመሠረቱ ሥር በየተራ ተቆፍሮ አዲስ ኮንክሪት ይሞላል። አንዱ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከ0.9 እስከ 1.2 ሜትር ስፋት አለው። መሐንዲሱ ክፍሎቹን 1፣ 2፣ 3 ብሎ ይቆጥራል። መጀመሪያ የሚቆፈሩት 1 የተባሉት ብቻ ናቸው፤ በመካከላቸው ያልተነካ አፈር አለ። ኮንክሪቱ ይፈስሳል፣ ይጠነክራል። በአዲሱና በአሮጌው መካከል የተተወው ክፍተት በማይኮማተር ድርቅ ያለ ሞርታር ታጭቆ ይሞላል። ከዚያ ነው ወደ 2 የሚኬደው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎች በአንድ ጊዜ ክፍት አይሆኑም። ክፍተቱን ማጨቁ ለምን ያስፈልጋል ብትሉ፣ ኮንክሪት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ነው። ካልታጨቀ ቤቱ ያን ክፍተት ያህል ይወርዳል።

*ደረት መተው።* ከመሠረቱ አጠገብ ያለውን አፈር ሳይነኩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መቆፈር። በግድግዳው ዙሪያ አግዳሚ ወንበር የመሰለ የኮንክሪት ደረት ይቀራል። ርካሽና የተሻለ ደኅንነት ያለው ነው። ዋጋው ቦታ ነው፤ 30 ሴንቲ ብታወርዱ በየጎኑ ቢያንስ 30 ሴንቲ ያህል ወለል ታጣላችሁ። ትክክለኛውን ልክ መሐንዲሱ ያውጣው። ክፍሉ ሰፊ ከሆነ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ደረቱ ለመደርደሪያ፣ ለወጥ ቤት ካቢኔ ጀርባ ይሆናል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስሌት። 20 ሴንቲ ከፍታ ለማግኘት 20 ሴንቲ መቆፈር አይበቃም። አዲሱ ወለል 10 ሴንቲ ጠጠር፣ 5 ሴንቲ ፎም፣ 10 ሴንቲ ኮንክሪት አለው። ስለዚህ ከአሮጌው ወለል ላይ 45 ሴንቲ መውረድ አለባችሁ። 60 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ የአሮጌውን ኮንክሪት 10 ሴንቲ ቀንሳችሁ 21 ሜትር ኩብ አፈር ነው። ሲቆፈር ደግሞ ያብጣል። በጠባብ ደረጃ በባልዲ የሚወጣ ይሁን በመስኮት በኩል፣ ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ።

ወለሉ 20 ሴንቲ ሲወርድ ደረጃው አንድ መርገጫ ይጎድለዋል። እያንዳንዱ መርገጫ ከ19.6 ሴንቲ አይበልጥ፤ በመካከላቸውም ከ1 ሴንቲ የበለጠ ልዩነት አይኑር። እግር ልኩን ይለምዳል፤ አንዱ ብቻ የተለየ ሲሆን ሰው ይወድቃል።

7. የማምለጫ መስኮት

በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት ወይም ወደ ውጭ የሚወጣ በር ያስፈልጋል። እሳቱ ደረጃው ላይ ከሆነ ሌላ መንገድ የለም። የእሳት አደጋ ሠራተኛም ከነመሣሪያው በዚያ ነው የሚገባው። ይህን መስኮት ማውጣት ካልቻላችሁ ክፍሉን መኝታ ቤት ብላችሁ አታከራዩ። በዚህ ላይ የምደራደርበት ነገር የለም።

ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ክፍት ቦታው 0.53 ካሬ ሜትር ይሁን። ቁመቱ ከ61፣ ስፋቱ ከ51 ሴንቲ አይነስ። ልብ በሉ፣ 61 በ51 ቢባዛ 0.31 ብቻ ነው። ሁለቱንም ዝቅተኛ ልክ ይዞ የተገዛ መስኮት ይወድቃል። የመስኮቱ ግርጌ ከተጠናቀቀው ወለል ከ112 ሴንቲ በላይ አይውጣ። ወለሉን ዝቅ ካደረጋችሁ ይህ ከፍታ ይጨምራልና መስኮቱን ከአዲሱ ወለል ለኩ።

መስኮቱ ከመሬት በታች ከሆነ ከውጭ ያለው ጉድጓድ ከግድግዳው ቢያንስ 91 ሴንቲ ይውጣ፤ ስፋቱም 0.84 ካሬ ሜትር ይሁን። ከ112 ሴንቲ በላይ ከጠለቀ ቋሚ መሰላል ይገጠምለት። ከሥሩ ጠጠርና የውሃ መውረጃ ያስፈልገዋል። ያ ከሌለ ያስቆፈራችሁት ገንዳ ነው። ግድግዳውን ስትቆርጡ ከላይ ያለውን ጭነት የሚሸከም ሊንቴል መሐንዲሱ ይወስን።

8. ፍሳሹን ወለል ሳይዘጋ ጨርሱ

መታጠቢያ ቤቱን በተቻለ መጠን ከላይኛው መታጠቢያ ቤት ሥር አድርጉት። ቱቦ ያጥራል፣ ቁፋሮ ይቀንሳል።

ቱቦው በሜትር 2 ሴንቲ ያህል ያዘቅዝቅ። ካነሰ ቆሻሻው ይቀመጣል። ዋናው የፍሳሽ መስመር ከወለላችሁ በላይ ከሆነ ፍሳሹን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ፣ አየር የማያስወጣ ክዳንና የራሱ የአየር ቱቦ ያለው ታንክ ያስፈልጋል። ቱቦ ለማሳለፍ ብላችሁ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ከፍ አታድርጉ። በስንት ልፋት ያገኛችሁትን ከፍታ መልሳችሁ ትሰጡታላችሁ።

የከተማው መስመር ሲሞላ ፍሳሽ የሚመለሰው ዝቅ ወዳለው ቦታ ነው፤ ማለትም ወደ ተከራያችሁ መታጠቢያ ቤት። መመለሻ የሚከለክል ቫልቭ ግጠሙ። ቫልቩ የሚገባው የቤዝመንቱን ፍሳሽ ብቻ በሚወስደው ቅርንጫፍ ላይ ነው። በዋናው መስመር ላይ ከተገጠመና ከተዘጋ፣ ከላይ ያለው ቤተሰብ ገላውን ሲታጠብ ውሃው መውጫ አጥቶ ታች ይፈስሳል።

ቱቦዎቹን በውሃ ሞልታችሁ ፈትሹ፤ ተቆጣጣሪውም ይያቸው። ኮንክሪት የሚፈሰው ከዚያ በኋላ ነው።

9. ወለልና ግድግዳ

ወለሉን ከቆፈራችሁ ቅደም ተከተሉ ጠጠር፣ ፎም፣ ላስቲክ፣ ኮንክሪት ነው። የላስቲኩ ቁራጮች በደንብ ይደራረቡ፤ መገናኛቸውም ይለጠፍ። ካልቆፈራችሁ አሮጌውን ኮንክሪት በራሱ በሚስተካከል ማስተካከያ ሲሚንቶ ደልድሉና ስስ ቪኒል ወይም ሴራሚክ አንጥፉ። ምንጣፍና ተራ እንጨት እርጥበት ይዘው ይሻግታሉ።

ግድግዳው ላይ ፎሙን በቀጥታ ከኮንክሪቱ ጋር አጣብቁ፤ መገናኛውን ሁሉ ለጥፉ። ምክንያቱም የቤት ውስጥ ሞቅ ያለ አየር ቀዝቃዛ ኮንክሪት ሲነካ ውሃ ይሆናል። ፎሙ ያን ግንኙነት ይቆርጣል። የመስታወት ጥጥ ኮንክሪቱ ላይ አስደግፋችሁ በላስቲክ ብትሸፍኑት ግን እርጥበቱ መሃል ላይ ይታሰራል። ከውጭ ምንም ሳይታይ ውስጡ ይሻግታል።

ፎም ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ያወጣል። ተጋልጦ አይተው፤ በጂፕሰም ይሸፈን። የጂፕሰሙን ግርጌ ከወለሉ አንድ ሴንቲ ያህል ከፍ አድርጉ። ትንሽ ውሃ ቢፈስ እንዳይመጥጥ ነው።

10. ኤሌትሪክ፣ አየርና ሙቀት

ቤዝመንቱ የራሱ ብሬከር ሳጥን ይኑረው፤ ተከራዩ ያለ እናንተ ሊደርስበት የሚችል። በወጥ ቤትና በመታጠቢያ ቤት ያሉት ሶኬቶች ኤሌትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ ይኑራቸው።

የጭስ ማንቂያ በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል፣ ከመኝታ ክፍሎች ውጭና በእያንዳንዱ ፎቅ ይገጠም። ሁሉም የተገናኙ ይሁኑ፤ አንዱ ሲጮህ ሁሉም ይጮኻል። ከላይ የተነሳ እሳት ታች የተኛውን መቀስቀስ አለበት።

በጋዝ ወይም በነዳጅ የሚሠራ ማሞቂያ ቤዝመንቱ ውስጥ ካለ፣ ጠባብ ክፍል ሠርታችሁ አትዝጉበት። ለማቃጠል አየር ይፈልጋል። አየር ሲያጥረው ወይም ማራገቢያ ሲስብበት ጭሱ በጭስ መውጫው ተመልሶ ወደ ክፍሉ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ባለሙያ የአየር መግቢያውን ያስላ፤ ማንቂያውም ከመኝታ ክፍሎቹ ደጃፍ ይገጠም።

የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያ ቱቦው እስከ ውጭ ይድረስ። በወራጆች መካከል የሚያበቃ ማራገቢያ እንጨት ያበሰብሳል። የአየሩን እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ለመያዝ የእርጥበት መቀነሻ መሣሪያ ግጠሙ፤ ውሃው በራሱ ወደ ፍሳሽ ይሂድ። ባልዲ መድፋት ተከራይ ይረሳል።

11. ኮርኒሱ፦ እሳትና ድምፅ

ኮርኒሱ ሁለት ቤተሰብን የሚለይ ነው። ስንት ደቂቃ እሳት መቋቋም እንዳለበት ደንባችሁ ይነግራችኋል። በቧንቧና በሽቦ ዙሪያ ያለው ቀዳዳ ሁሉ እሳት በሚቋቋም መድፈኛ ይዘጋ። ጭስ በጣት በምታክል ቀዳዳ ያልፋል።

ለድምፅ፣ በወራጆች መካከል ድንጋይ ጥጥ ሙሉ። ከፍታ አይወስድም። የብረት ሐዲዱ 1.3 ሴንቲ ይወስዳል፤ ካላችሁ ጨምሩት። ከሌላችሁ ከላይኛው ቤት ወለል ላይ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ፤ የእግር ኮቴን ከምንጩ ይቀንሳል።

መብራቱ ከጂፕሰሙ ጋር እኩል የሚሆን ስስ ኤልኢዲ ይሁን። ኮርኒሱን ነጭ፣ የማያብለጨልጭ ቀለም ቀቡ። በሮችን እስከሚፈቀደው ድረስ ረዣዥም አድርጉ፤ ዓይን ከፍታን በበር ይለካል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- ከውስጥ ውሃ የሚከለክል ቀለም ቀብቶ «ፈታሁት» ማለት። ግፊቱ ከኋላ ነው፤ ቀለሙን ይገፈትረዋል።
- የሚሸከም ምሰሶን «ቦታ ያዘብኝ» ብሎ ማንሳት። ከላይ ያለው ወለል ወዲያው ላይወድቅ ይችላል። በወራት ውስጥ ግን ይጎብጣል፣ በሮች አልዘጋ ይላሉ።
- ጂፕሰሙን ተቆጣጣሪው ሳያይ መምታት። የተሸፈነውን አስፈርሶ ያያል።
- የውሃ መዝጊያና የፍሳሽ ማጽጃ አፍን በግድግዳ መሸፈን። ትንሽ በር ተዉላቸው።
- ለመጠባበቂያ ገንዘብ አለመያዝ። ወለል ሲነሳ ያልተጠበቀ ነገር ይወጣል። ከግምቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ለብቻው አስቀምጡ።

12. ከማስረከባችሁ በፊት

የመጨረሻው ቁጥጥር አልፎ የመኖሪያ ፈቃዱ በእጃችሁ ይግባ። ራዶኑን ድጋሚ ለኩ፤ ወለልና ግድግዳ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። አንድ ሌሊት ራሳችሁ እደሩበት። የትኛው ቱቦ እንደሚጮህ፣ የትኛው ጥግ እንደሚቀዘቅዝ፣ የላይኛው ቤት ድምፅ እስከ የት እንደሚሰማ ያኔ ታውቃላችሁ።

ተከራዩ ሲገባ አብራችሁት ዙሩ። የዋናውን ውሃ መዝጊያ፣ ብሬከሩን፣ የፓምፑን ጉድጓድ አሳዩት። የማምለጫ መስኮቱን ራሱ ከፍቶ ይውጣበት፤ ልጆች ካሉም እነሱም ይሞክሩት። አልጋ ወይም ቁም ሣጥን መስኮቱ ፊት እንዳይቀመጥ ንገሩት፤ ውሉም ላይ ጻፉት።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ፣ ከተከራዩ ጋር ቀን ተቀጣጥራችሁ የእርጥበት መለኪያውን አንብቡ። ከ60 በመቶ በላይ ከቆየ መጀመሪያ የእርጥበት መቀነሻው መሥራቱን፣ ቀጥሎ የመታጠቢያ ቤቱን ማራገቢያ፣ ከዚያ የውጭውን አሸንዳ እዩ።